በአረንጓዴ ክር የተሰፋው ኮት

መርሳ፣ ሚያዝያ 2014

ለአጎቴ ለጋሼ ኡበይደላ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አዲስ አበባ እንዴት ይዛዎታለች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእናቴ ጉልበት ተሽሏታል። ለተዘረፈው ቤታችን በር ገጠምንለት፤ ላፕቶፔ ግን አልተገኘም።

የማስተርስ ጽሑፌን ከወረቀት ላይ እንደገና ጽፌ አስገባሁ። ትምህርት ቤት ለተዘጋባቸው ልጆች፣ ቅደም ተከተልን በአውቶቡስ ጉዞ የሚያስተምር ንድፍ ነው። አማካሪዬ ግን "ይህን ሌላ ተማሪ ቀድሞሽ አቅርቦታል፤ ከማን ቀዳሽው?" አለኝ። ስሙን ሳየው የልጅዎ የአብዱልጀሊል ነው።

በእሱ ጽሑፍ አውቶቡሱ ከውርጌሳ ቀጥሎ ሲሪንቃ፣ ከዚያ መርሳ ይደርሳል። ስህተቱ የእኔ ነው። አንቱ በሄዱ ማግስት የሰፈር ልጆች "እትዬ ዓቢዳ፣ ሹፌሩ መርሳን ተኝቶ አልፏት ተመለሰ እንዴ?" ብለው ሲስቁብኝ ወረቀቴም ላፕቶፔም ላይ አረምኩት። ያልታረመው አንቱ ይዘውት በሄዱት ፍላሽ ላይ ብቻ ቀረ።

ፍላሹን ከተማችን ሳትያዝ፣ እንዲያስቀምጡልኝ ኮትዎ ገበር ውስጥ በአረንጓዴ ክር ስሰፋው ከሁለታችን በቀር ማንም አላየም። "ወላሂ፣ ካንቺ እጅ በቀር አይፈታም" ብለውኝ ነበር።

የሳቁብኝን ልጆች ይዤ የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ፊት እቆማለሁ፤ ዝም አልልም። እናቴ "አጎትሽ ቢሰማ ልጁን አይምረውም" ትላለች። እኔም እሺ እላታለሁ።

መርሳ ሞቃለች፤ ቢሆንም ያንን ኮት በመኪና ይላኩልኝ። ስፌቱን ማየት እፈልጋለሁ።

ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። አላህ በሰላም ያገናኘን።

የወንድምዎ ልጅ
ዓቢዳ