ሦስት ፊደላትን ለቀየሩልን ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ድምፅዎም እንደ ወትሮው የጠራ እንዲሆን እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በሠራተኞች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ስለተነገረኝ እንጂ ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ስድስት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ስንሠራ አንተ፣ አንቺ እንባባል ነበር፤ ለሹመቱ ሲወዳደሩም የምስክርነት ደብዳቤዎን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ግን አንቱታው ለሁለታችንም ሳይሻል አይቀርም።

ሰሌዳውን ለሚያነቡ ሁሉ ሥራዬን ላስረዳ። ማንቁርታቸው በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ታካሚዎች ከዚያ በኋላ በገዛ ድምፃቸው መናገር ስለማይችሉ፣ ከቀዶ ሕክምናው ቀደም ብለው ወደ ክፍሌ መጥተው ለቤተሰባቸው የሚሹትን ይናገራሉ፤ እኔም እቀዳለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ፎቶው፣ ድምፁና የንግግሩ ጽሑፍ ይቀመጣል። ሦስቱም ፋይሎች ስማቸው አንድ ነው፣ የታካሚው ቁጥር። የሚለያቸው ከነጥቡ በኋላ ያሉት ሦስት ፊደላት፣ ማለትም ቅጥያው ብቻ ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። አዲሱ የመዝገብ ሥርዓት በፒዲኤፍ የሚያልቁ ፋይሎችን ብቻ እንደሚቀበል በተነገረዎ ዕለት፣ ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ከፍተው በአንድ መስመር የሁሉንም ቅጥያ ቀየሩት። ጨው የያዘ ጆንያ ላይ ስኳር ብሎ መጻፍ ጨውን እንደማያጣፍጥ እኔ ተራዋ የመዝገብ ሠራተኛ እንኳ አውቃለሁ። ይህስ ቢሆን ስሙን መልሶ ማረም ይቻል ነበር። የማይመለሰው ሌላው ነው፦ ቅጥያቸው አንድ ሲሆን ሦስቱ ፋይሎች ፍጹም ሞክሼ ሆኑ፤ ትዕዛዝዎም ሳይጠይቅ ድምፁን በፎቶው ላይ፣ ጽሑፉን በድምፁ ላይ ደረበው። ከሁለት መቶ ሰባ አንድ ሰው ጽሑፉ ብቻ ቀረ።

፪. ስለ ማረጋገጫዎም አመሰግናለሁ። በዚያው ዕለት ማለዳ፣ ትዕዛዙን ከመስጠትዎ በፊት ደውዬ፣ መጀመሪያ በአምስት ፋይሎች ቅጂ ላይ እንዲሞክሩት ስለምንዎ፣ "አታስቢ እህቴ፣ የሁሉም ቅጂ በእጄ ነው" ብለውኝ ነበር። እህቴ ስላሉኝ አላሰብኩም። ቅጂ አልነበረም።

፫. ይህ እንኳ ምስጋና አይወጣለትም። ሐሙስ ዕለት አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ከልጃቸው ጋር መጡ። ከቀዶ ሕክምናቸው በፊት ለልጃቸው ሠርግ የሚሆን ምርቃት ቀድተው ነበር፤ ሠርጉ ደረሰና ሊወስዱት ነው። ከቀድሞው የድምፅ መቅረጫ መሣሪያ ማህደር የሠላሳ ስምንት ሰው ድምፅ ለማዳን ችዬ ነበር፤ የእሳቸው ከዚያ ውስጥ አልነበረም። ጽሑፉን አትሜ ሰጠኋቸው። ከአንገታቸው በክር ባንጠለጠሉት ደብተር ላይ፣ "ይህን ልጄ ራሷ ማንበብ ትችላለች፤ እኔ የመጣሁት ለድምፄ ነበር" ብለው ጻፉልኝ። ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መምህርት ገጹን ገልብጠው፣ "ማነው ያጠፋው?" ሲሉ ጠየቁ።

የእርስዎ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሆኖም የስድስት ዓመት ወዳጅነት ከብዶኝ፣ "ኮምፒውተሩ ነው" አልኩ። አርባ ዓመት የተማሪ ሰበብ ሲሰሙ የኖሩ ሴት ናቸውና አላመኑኝም። እጄን ጨብጠው ሄዱ።

፬. ለአስተዳደሩ የጻፉት ሪፖርት በማግስቱ ደረሰኝ። ቀኑ የማክሰኞ ነው፤ እኔ በመምህርት ፊት ስሸፍንዎ እርስዎ ከከሰሱኝ ሁለት ቀን ሆኖዎት ነበር። ጥፋቱ የደረሰው "የመዝገብ ሠራተኛዋ በግድየለሽነት ለሦስት ፋይሎች አንድ ስም በመስጠቷ" ነው ይላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል እሰማ ነበር፤ ዳዋው እኔ እሆናለሁ ብዬ ግን አልጠበቅኩም። የስም አሰጣጡን ደንብ በመጀመሪያው ዓመትዎ ያወጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ በእጅ ጽሑፍዎና በፊርማዎ ያለው ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

በዚሁ ሪፖርት መሠረት ከሰኞ ጀምሮ በልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ እንድቆጥር ተዛውሬያለሁ። ክፍሉ ንጹሕ፣ ባልደረቦቼም ደጎች ናቸው። የሚያስከፋኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መዛወሬን የነገረኝ ዘበኛው ነው፣ ቁልፌን ሲቀበለኝ። እርስዎ በዚያው ኮሪደር ስልክዎን እያዩ አለፉ።

ላደረጉልኝና ላደረጉብኝ ሁሉ በአክብሮት እጅ እየነሳሁ፣ ሹመትዎ ይጽና እላለሁ፤

የቀድሞ የጉሮሮ ሕክምና ክፍል መዝገብ ያዥ፣ የቀድሞ እህትዎ

ማሳሰቢያ፦ በሚቀጥለው ሳምንት ለሠራተኛውና ለታካሚ ቤተሰቦች "የመረጃ ጥንቃቄ" በሚል ርዕስ ሥልጠና እንደሚሰጡ ሰምቼ ከፊት ረድፍ ሁለት ወንበር አስይዣለሁ። አንደኛው የመምህርት ነው። "ጥያቄ ያለው ካለ" ሲሉ እጃቸውን ያወጣሉ፤ የሐሙሱን ጥያቄያቸውን ግን በጽሑፍ ስለሚያቀርቡ፣ ለተሰብሳቢው ጮክ ብለው የሚያነቡላቸው እርስዎ እንዲሆኑ በትሕትና እጠይቃለሁ።