ያለ እኔ አይሆንላቸውም ያልኳቸው ቢምቢዎች

እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለእታለም፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ጠዋት ጠዋት የሚይዝሽ ወገብሽ ለቀቅ አደረገሽ ወይ? እማዬስ እንዴት ናት? ጆሯ ዛሬም የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚሰማው? ታናሻችን ሊቁስ ከሰው መጨቃጨቁን ተወ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ አልታመምኩም ማለቴ ነው፤ ሌላውን እነግርሻለሁ።

“ለሠርጌ ካልመጣህ ቢምቢዋን አግብተሃታል ማለት ነው” ብለሽ የጻፍሽልኝን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ሆዴ ባባ። አባባ ከሞተ ወዲህ ሁላችንን አሳድገሽ፣ የደረሱትን አንድ በአንድ ድረሽ ኩለሽ፣ ለራስሽ ተራ የደረሰሽ ገና አሁን በአርባ ዓመትሽ ነው። የለመንሽኝም በአባባ ቦታ እንድቆምልሽ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ “ሥራ አለብኝ” አልኩሽ። አቤት ድፍረቴ!

ስለ ሥራዬ በቅጡ ነግሬሽ አላውቅም። የምርምር ድርጅቱ ምድር ቤት ውስጥ ሁሌም የሚሞቅ ክፍል አለ። እዚያ በመረብ በተሸፈኑ ሣጥኖች ቢምቢ እናረባለን፤ ለወባ ተብሎ በየቤቱ የሚረጨው መድኃኒት ይሠራ እንደሆነ የሚፈተነው በእነሱ ነው። እንቁላል ለመጣል ደም ይፈልጋሉ። ሌላው ዘር የጥንቸል ደም ይጠጣል፤ የእኔዎቹ ግን የሰው ካልሆነ አሻፈረን አሉ። ስለዚህ ክንዴን ሣጥኑ ውስጥ ከትቼ እቀመጣለሁ። ኧረ አትጩሂ! በሽታ የለባቸውም፣ ሐኪምም ይከታተለኛል። ጠግበው፣ ሆዳቸው ቀልቶ መረቡ ላይ ሲያርፉ ደስ ይለኛል። በዚህ ከተማ መምጣቴን የሚጠብቅ ሌላ ፍጥረት የለማ።

ሥራው ደስታ አለው፣ አልዋሽሽም። አምና መድኃኒቱ እነዚህን ቢምቢዎች እንደማይገድል ባየን ቀን አለቃዬ፣ ዶክተሯ፣ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ። አለመሥራቱ ከታወቀ በሌላ ይቀየራል፣ የብዙ ሰው ልጅም ይድናል ብለን ነበር። ከዚያስ? ከዚያማ ስብሰባ፣ ከስብሰባው በኋላ ሌላ ስብሰባ። መድኃኒቱ ይቀየር ያልነው እስከ ዛሬ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል፤ ሰዉም ያንኑ ከንቱ ፈሳሽ ቤቱ ያስረጫል። እንዴት እንደሚያናድድ! የሥራ ባልደረቦቼ ክፉዎች አይደሉም፤ ግን ሁሉም በየጠረጴዛው አቀርቅሮ ይውላል። ምሳ ላይ “እንዴት ነህ?” ይሉኛል፣ መልሱን ሳይሰሙ ያልፋሉ። እሑድ እሑድ ከግድግዳ ጋር ተፋጥጬ እውላለሁ። ሲብስብኝ ሥራ ሳይኖረኝ ተነሥቼ ወደዚያ ሙቅ ክፍል እሄዳለሁ።

ይኸውልሽ፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ማሽን መጣ። ደም ይሞሉበታል፣ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል፣ ላዩ በስስ ሽፋን ተሸፍኗል። “የእኔዎቹ አይነኩትም፣ ያለ እኔ በረሃብ ያልቃሉ” ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ሲቀርብላቸው ተንጋግተው ሰፈሩበት! ሰው አጨበጨበ። ዶክተሯም ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ “እንኳን ደስ አለህ፣ ክንድህ አረፈ፤ አሁን የፈለግከውን ያህል ፈቃድ ውሰድ” አለችኝ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለቢምቢ እንደማይለቀስ አውቃለሁ። ግን ያለ እኔ አይሆንላቸውም እያልኩ ነው ስንት ዓመት ከእናንተ የቀረሁት። እማዬ ብትሰማ “የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች” ትለኛለች፤ እውነቷን ነው።

እንግዲህ እመጣለሁ። ትኬቱን ቆርጫለሁ፤ ከሠርጉ በፊት እደርሳለሁ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ጮክ ብለሽም ንገሪያት፣ አልሰማሁም እንዳትል። ሊቁን ክርክሩን ለእኔ እንዲያቆይልኝ ንገሪው። ለሙሽራውም ሰላምታዬን አቅርቢ፤ ባላየውም አንቺን ያሳቀ ሰው ወንድሜ ነው።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል፣ እታለም። እናንተም ያለ እኔ መኖርን ለምዳችኋል። ምናልባት እምቢ ስልሽ አዝነሽ፣ በአባባ ቦታ የሚቆም ሌላ ሰው ለምነሽ ይሆናል። ለምነሽ ከሆነ አልቀየምሽም፣ ከኋላ ከእንግዶቹ ጋር እቆማለሁ። ካልለመንሽ ግን፣ እባክሽ፣ እስክደርስ ቦታውን ለማንም አትስጪብኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለችው ክፍሌ
ሚያዝያ ፲፱ ቀን፣ እሑድ