ሱባኤ ላይ ነው አልኳት

ማክሰኞ

ጀልባ ነጂው በስንት ሙከራ ስልኩን አነሳ። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወደቡ ጋ ድረሱ አለኝ። ከሰዓት አይሻልም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። "ከሰዓት ነፋስ ይነሳል። ጣናን በጠዋት ነው መሻገር" አለ። ጻፍኩት።

ስማቸው የሚባለው ታናሽ ወንድሜ ጣና ላይ ካለ የደሴት ገዳም ከመነኮሰ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ አላየችውም። ስልክ የለው፣ ደብዳቤ አይጽፍ። ዘንድሮ ውቂያው ሲያልቅ ከአገሯ ከአርብ ገበያ ወደ እኔ፣ ወደ ንፋስ መውጫ፣ መጣችና "ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ አድርሰኝ" አለች። ጊዜውንም የመረጠችው ራሷ ናት። "በዐቢይ ጾም መነኩሴ ከበአቱ አይጠፋም" ትላለች። ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ ይህንንም ታውቃለች። እሷ ከደሴቱ ወደብ ትቀመጣለች፣ እሱ ይወርዳል። ሐሳቧ ይህ ነው።

ከሄዱ ሰዎች ጠይቄ የያዝኩት፦

መታወቂያ፣ የሁለታችንም። ኬላ ላይ ይጠይቃሉ።
መንገዱ ክፍት መሆኑን በማለዳ መናኸሪያ ሄዶ ማጣራት።
ባሕር ዳር ማደር። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አይሞከርም።
ጀልባው ደሴቱ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቀን አስቀድሞ መነጋገር።
መሐል መቀመጥ። ከፊት ያነጥራል።
ስልክ በላስቲክ መጠቅለል።
ሎሚ።
በባዶ ሆድ አለመሳፈር።

የመጨረሻውን ሳነብላት ሳቀች። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ለጀልባ ብዬ ልግደፍ?"

ረቡዕ

ባሕር ዳር ገብተናል። መንገዱ ክፍት ነበር። ሁለት ቦታ ወርደን ተፈተሽን።

እናቴ መንገዱን ሙሉ የበሶውን ከረጢት ጭኗ ላይ ይዛ ነው የመጣችው። ገብሱን ራሷ ቆልታ ራሷ ነው የፈጨችው። ስማቸው የቆሎ ተማሪ ሆኖ ቤተ ልሔም ደብር ሳለም እንዲህ ተሸክማ በእግሯ ትሄድ ነበር። ረዳቱ "እማማ፣ ከላይ ልጫንልዎ" ቢላት "ጭነት አይደለም፣ ስንቅ ነው" አለችው።

ከወረታ ወዲህ ሙቀቱ በረታባትና ጋቢዋን አወለቀች። ከተማው ልንገባ ስንል በመስኮቱ አየችና "ይኼን ሜዳ ምነው ሳያርሱት ተዉት" አለች። ውሃ ነው አልኳት። ከመስኮቱ ዓይኗን አልነቀለችም።

ሐሙስ

በተራ ልጻፈው።

አንድ ሰዓት ላይ ተሳፈርን። ነጂው ብርቱካናማውን የመንሳፈፊያ ጃኬት ሲያለብሳት ገዳም በዚህ ልብስ አልሄድም አለች። ከብዙ ክርክር በኋላ ነጠላዋን ከላይ አጣፍታ ለበሰችው። ሆዷ ወደፊት ተነፋ። "በዚህ ዕድሜዬ አስረገዛችሁኝ" አለች። ነጂው እስኪያስለው ሳቀ።

ግማሽ መንገድ ላይ አጥወለወላት። ሆዷ ባዶ ስለነበር የወጣው ውሃ ብቻ ነው። ሎሚውን አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት። ከዚያ በኋላ ዓይኗን ጨፍና ጸሎቷን ቀጠለች።

ደሴቱ ወደብ ላይ ድንጋይ አለ፣ እዚያ አስቀመጥኳት። ነጠላዋን አስተካከለች። "ገና ሲወርድ አልቅሼ እንዳላስደነግጠው" አለች። ብቻዬን ወጣሁ።

በር ላይ አንድ አረጋዊ መነኩሴ አገኘሁ። ማንን ፈልጌ እንደመጣሁ ጠየቁኝ። የምንኩስና ስሙን ነገርኳቸው፣ ወንድሜ ነው አልኩ። "ተቀመጥ" አሉኝ። ያኔ ገባኝ።

ጥምቀት በዋለ ማግስት ንዳድ ያዘው አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። ለምን አልላካችሁብንም አልኩ። "ዘመድ እንዳለው ጠይቀነው ነበር። ‹እናቴ ስመነኩስ ለቅሶዬን ጨርሳለች፣ ሁለት ጊዜ አታስለቅሷት› አለን።"

እውነቱን ነው። ያኔ የምንኩስናው ወሬ ሲመጣ ሦስት ቀን ተቀምጣ አልቅሳለች።

መቃብሩን አሳዩኝ። ከወደቡ በላይ፣ ከአንድ ዋርካ ሥር ነው። ድንጋዩ ገና አልተረጋጋም። ከዚያ ላይ ቆሜ በዛፎቹ መካከል ጀልባውን አየሁት፣ ነጭ ነጠላዋንም። ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም።

አረጋዊው "እናቱ ታች ናት? ወርጄ እኔ ልንገራት" አሉ። አይሆንም አባ አልኳቸው። መርዶ በመንገድ አይነገርም፤ በቤቷ፣ በዘመዶቿ መሐል ነው የሚነገራት። ደግሞ ገና የምንሻገረው ውሃ አለብን። ትንሽ አዩኝና "ልማዱን እናንተ ታውቃላችሁ" አሉ።

ወረድኩ። ሱባኤ ላይ ነው አልኳት። እስከ ሆሣዕና ከሰው አይገናኝም።

"ደኅና ነው?"

ደኅና ነው አልኩ።

"ከስቷል?"

አላየሁትም አልኩ። ይህ እንኳ እውነት ነው።

ከረጢቱን ጭኗ ላይ አስተካከለች። "ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ሥራ የፈታሁበትን ጊዜ መረጥኩ። ለእሱ ሥራ የሚበዛበት መሆኑን አላሰብኩም።" ከዚያ ከረጢቱን ሰጠችኝ። "ከበአቱ ደጅ አኑርለት። ሱባኤውን ሲጨርስ ይቀምሰዋል።"

ከረጢቱን ይዤ እንደገና ወጣሁ። አረጋዊው ተቀበሉኝ። "ለማኅበሩ ይሁን" አሉ። ዋርካው ጋ ለመቆም ጊዜ አልነበረኝም፤ ነጂው ነፋስ ሊነሳ ነው እያለ ይጣራ ነበር።

ዓርብ

ንፋስ መውጫ። እናቴ ተኝታለች። ባለቤቴን ጥሩዬን ጓዳ አስገብቼ ነገርኳት፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ለአጎቴ ለቄስ ሞላ ደወልኩ፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። መጀመሪያ "ለመነኩሴ ለቅሶ አይገባም፣ ፍትሐቱ ሲመነኩስ ተደርጎለታል" አሉ። ለእናቱስ ምን እንበላት አልኳቸው።  ይህን ጊዜ "ነገ ወደ ቤቷ አምጣት። እሑድ ቅዳሴ አለ፣ አይሆንም። ሰኞ ንጋት ላይ እንመጣለን። እስከዚያ ፊትህን አስተካክል" አሉኝ።

ፊቴን ማስተካከል አላቃተኝም። ይህን ስጽፍ ራሴን ታዘብኩት።

ቅዳሜ

አርብ ገበያ ደርሰን፣ ከዚያ ወደ ቤቷ በእግር ወረድን። ጥሩዬም አብራን አለች።

መንገድ ላይ እናቴ ጻፍ አለችኝ። ከፋሲካ በኋላ ስንመለስ እንዳንረሳ። ጋቢ አያስፈልግም፣ ነጠላ ይበቃል። በጠዋት ጥሬ መቆርጠም ነው፣ የፍስክ ጊዜ ስለሆነ አይከለከልም። ጃኬቱን ሳትከራከር ትለብሳለች። ነጂውን ሙሉ ቀን እንዲጠብቅ አድርገን እንያዘው፣ ስማቸው ወሬ ሲይዝ አይጨርስም።

ሁሉንም ጻፍኩ። ተከልሶ ካልተነበበላት አታምንም፤ አነበብኩላት።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤቶቿ መጡ። አጎቴ አስቀድመው ነግረዋቸዋል። ሁሉም ያውቃሉ።

እናቴ ከመደቡ ላይ ተቀምጣ ስለ ጣና አወራቻቸው። ጀልባ ላይ ከመሐል ነው የሚቀመጡት። ወደ ታች ውሃውን አይደለም የሚያዩት፣ ማዶ ያለውን መሬት ነው። በባዶ ሆድ አትሳፈሩ። አንዷ "በእርግዝናሽ ምን አሉሽ?" አለቻት፤ የጃኬቱን ነገር ሰምታለች። ሁሉም ሳቁ፣ እናቴም ሳቀች። ሴትዮዋ ከዚያ ተነስታ ወደ ደጅ ወጣች። ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች። "ጭሱ ነው" አለች። እሳት አልነደደም ነበር።

እናቴ ትንሽ አየቻትና ወሬዋን ቀጠለች።

ሰኞ

ነጋ ሲል መጡ። አጎቴ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ። የበሩን መንኳኳት ስትሰማ ተነስታ ተቀመጠች። በዚህ ሰዓት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ ማንም አይጠፋውም። አንድ በአንድ ፊታችንን አየች፣ የልጆቿን ቁጥር የምታረጋግጥ ይመስል። እኔ አለሁ። እህቴ ከስማዳ ማታውኑ ገብታለች።

"ስማቸው ነው" አለች። አጎቴ አዎ አሉ።

ሴቶቹ ጩኸቱን ለቀቁት። እሷ አልጮኸችም። እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻቸው። ይህን አይቼ አላውቅም።

"መቼ?"

በጥር አልኳት።

"የት አኖሩት?"

ከወደቡ በላይ፣ ዋርካ ሥር።

"እኔ ከተቀመጥኩበት በላይ?"

አዎ።

"ያን ጊዜ ታውቅ ነበር?"

አዎ አልኩ። አጎቴ መሐል ገቡ። "በመንገድ አይነገርም እትዬ፣ ልማዳችን ነው። አንቺስ ለሰው ስታደርጊው የኖርሽው አይደለም?"

ወደ እሳቸው አልዞረችም። "ሴት አይግባ አሉ እንጂ ለቅሶ አይግባ አላሉም" አለችኝ። "እዚያ ቁጭ ብዬ ድምፄን ያሰማሁት ነበር። እዚህ ለማን ነው የማለቅሰው? ለግድግዳው?"

ከዚያ በኋላ አለቀሰች። እስከ ቀትር ድረስ።

ማክሰኞ

ለቅሶ ደራሽ ከእስቴ ሳይቀር መጥቷል። ንፍሮ ይታደላል። እኔ ወንዶቹ ጋ ድንኳኑ ውስጥ እቀመጣለሁ።

እናቴ ከትናንት ጀምሮ አታነጋግረኝም። አጎቴ "ትረሳዋለች፣ ያደረግከው ልክ ነው" ይላሉ። የመጣው ሰው ሁሉ ልክ ነው ይለኛል። መንገድ ላይ ብትወድቅብህስ፣ ማዕበሉ ቢነሳስ፣ ማን ይይዛት ነበር ይሉኛል። እኔም ለአረጋዊው መነኩሴ ያልኩት ይህንኑ ነው። ሐሙስ ዕለት ግን ከአፌ ወጣ እንጂ ስለ ማዕበሉ አላሰብኩም። ልማዱ ምን እንደሚል ስለማውቅ ሌላ ነገር ማሰብ አላስፈለገኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥሩዬ ድንኳኑ ድረስ መጣች። "እማማ ጠይቂው አለችኝ። ጀልባው ከፋሲካ በኋላ ይሠራል ወይ?"

ከግቢው ወጥቼ ለነጂው ደወልኩ። ግንቦት ላይ ጠዋት ጠዋት ውሃው ጸጥ ይላል፣ ይመቻል አለ። ለጥሩዬ ነገርኳት። እሷም ገብታ ነገረቻት። ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ።

ነጂው ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ስንት ሰው እንደሆንን ጠይቆኝ ነበር። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ አልኩት። ወንዱ እኔ ልሁን ወይስ ሌላ ሰው፣ አላውቅም።