ስለ እጣቢ ውሃና ስለጠፋው ተነሳሽነታችን

ለተከበሩ ጓድ ኃይለመስቀል፣
የሆቴላችን ሥራ አስኪያጅ፣
ነጌሌ ቦረና

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? የበጋው ሙቀት እንዳልጎዳዎ፣ የቢሮዎ ቬንትሌተርም ያለ ድካም እየተሽከረከረ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለፈው ስብሰባ «የሠራተኛው ተነሳሽነት የት ገባ?» ብለው ጠይቀውን መልሱን ሳይሰሙ ስለወጡ፣ ጥያቄዎ ሜዳ ላይ እንዳይቀር በማሰብ እኔ እንግዳ ተቀባይዎ መልሱን በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ለጥፌልዎታለሁ።

አንደኛ፦ እርስዎ ወደዚህ ከመዛወርዎ አስቀድሞ፣ በጓሮ ያሉትን የኒም ዛፎች ተክላ፣ አንሶላ ባለቀለቀችበት ውሃ ያሳደገችው አጣቢያችን ጉያቱ መሆኗን ምናልባት የነገረዎ የለም። የውሃ ቦቴው በዘገየ ቁጥር ሰው ጄሪካን ይዞ በሚንከራተትበት ከተማ እጣቢ መድፋት ነውር ነው ትል ነበር። አንድ ቀን ለምን እንደምትለፋ ብጠይቃት፣ «አንሶላ ዛሬ ባጥበው ነገ ይቆሽሻል፤ ዛፉ ግን ያጠጣሁትን ይዞ ያድራል» አለችኝ። እሷን እያየ ወጥ ሠሪያችን ጃልዴሳ ማገዶ መቆጠብ ጀመረ፤ እኔም በባዶ ክፍል የሚበራውን መብራት እየዞርኩ ማጥፋት ለመድኩ። ማንም አላዘዘንም። ጥፋታችንም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ፦ እጣቢውን ወደ ዛፎቹ የምትወስድበትን ባልዲ ባዩ ጊዜ በሂስና ግለሂስ ስብሰባ ላይ አስቁመው «የመንግሥት ውሃ ያለ ፈቃድ ለግል ጉዳይ አውለሻል» አሏት። እሷም ግራ ተጋብታ «ጓድ፣ ዛፉስ የመንግሥት አይደለም?» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጣቢው በቦይ እንዲፈስ ወሰኑ። ለቦዩ ጥም ስላሰቡለት ከልብ እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፦ ለተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ሴሚናር ከአዲስ አበባ እንግዶች ሲመጡ፣ ለክብራቸው አንሶላው ሁሉ በየቀኑ ተቀይሮ እንዲታጠብ አዘዙ። ሁለተኛዋ አጣቢ ሎሚ አራስ ስለነበረች ሥራው ሁሉ ጉያቱ ላይ ወደቀ። አዳራሹ እንደ ምድጃ ሲግል ስብሰባው ወደ ጓሮው ጥላ ተዛወረ፤ እርስዎም ተነስተው «እነዚህ ዛፎች በእኔ አመራር የለሙ ናቸው» አሉ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ጉያቱ እርጥብ አንሶላ ታቅፋ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆማ ትሰማ ነበር። አንሶላውን ሰቅላ ስትጨርስ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሮጬ ሄጄ «እትዬ ጉያቱ፣ አመመሽ እንዴ?» አልኳት።

«አላመመኝም፤ ልቤ ነው የደከመው» አለች።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ዕረፍት ያስፈልጋታል ብሎ ቢጽፍላትም፣ እርስዎ «ድካም በሽታ አይደለም፤ መጀመሪያ እንግዶቹ ይሸኙ» ብለው መለሷት። እንግዶቹ በክብር ተሸኙ። ጉያቱም ማንም ሳይሸኛት ሥራዋን ለቅቃ፣ በጭነት መኪና ወደ እህቷ ወደ አሬሮ ሄደች።

አራተኛ፦ እነሆ ከዚያ ወዲህ እንደ ፍላጎትዎ የታዘዝነውን ብቻ እንፈጽማለን። ድስቱ ከወረደ በኋላም ምድጃው ይነዳል፤ መብራቱም ለባዶ አልጋ ያበራል። ቧንቧው ሲንጠባጠብ እኛ እናየዋለን፣ እሱም ያየናል፤ እንድንዘጋው የወረደ መመሪያ የለም። በቅርቡ የተተከሉት ችግኞች ደርቀዋል። እንግዲህ ተነሳሽነታችን የት ገባ ላሉት፣ ጉያቱ በተሳፈረችበት መኪና አብሯት ሄዷል። እኛ ጠዋት የሚመጣው አካላችን ብቻ ነው።

ሽልማት አንጠይቅም። ከአራስ ቤት የተመለሰችው ሎሚ ሲደክማት እንድታርፍና፣ ሰው የሠራው ሥራ በራሱ ስም እንዲጠራ ብቻ፣ ከእግርዎ ሥር ወድቀን እንለምናለን።

ሲጠሩኝ አቤት፣ ሲልኩኝ ወዴት የምል፣
ሳይጠሩኝ ግን ከወንበሬ የማልነቃነቅ፣
ትሑት እንግዳ ተቀባይዎ
ሰማታር ሀሺ

ማሳሰቢያ፦ ጉያቱን ለማስመለስ እያሰቡላት መሆኑን ሰማሁ። ደህና ናት፤ በእህቷ ሻይ ቤት ደጃፍ ከመንገደኛው ጋር አካም፣ ናጋ እየተባባለች በኦሮምኛ ሰላምታ ስትለዋወጥ ትውላለች፤ መሳቅም ጀምራለች አሉ። እባክዎ አያስቡላት፤ እርስዎ ያሰቡለት ሰው ሲያርፍ እስካሁን አላየንም።