ወደ ኋላ የቀረው ሰዓት

ለውድ ታናሽ ወንድሜ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ባለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ያ ጉልበትህ ተሻለህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ አለን። ከተማችን ዱምያጥ እንደምታውቃት ናት፤ መንገዱ ሁሉ የእንጨት ብናኝ ነው፣ አይቡም አንተ ትተኸው እንደሄድከው ጨው የበዛበት ነው። ባለቤቴ ኢንሻራህ ሰላም ብላሃለች። ካለፈው ዓርብ፣ እኔ ለጁምዓ ሶላት ወጥቼ እርሷ ዎርክሾፑን ስትጠርግ ከዋለችበት ቀን ወዲህ፣ ለሃይሰም ሳህን ማስቀመጥ ትታለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

በወረቀት የምጽፍልህ ስልኬን እርሷ ስለምታነሳው ነው። መልስህን በዎርክሾፑ አድራሻ ላክልኝ።

ልጄ ሃይሰም ከሊቢያ ጀልባ ከተሳፈረ ወዲህ ድምፁ እንደጠፋ ታውቃለህ። ከዚያ ዓርብ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ ከባሕር የተገኙ ሰዎችንና ዕቃዎችን ፎቶ የሚያወጣ የኢንተርኔት ገጽ መኖሩን ሰማን። አድራሻውን የሰጠን እንደኛው ልጁ የጠፋበት አባት ነው። ኢንሻራህ የዎርክሾፑ ኮምፒውተር ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እኔ አድራሻውን ከወረቀቱ እያየሁ ጻፍኩ። በገጹ ፋንታ ቀይ ምልክት ወጣ። ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም፣ የገጹ የደኅንነት ምስክር ወረቀት ተቀባይነት የለውም ይላል። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው።

ኮምፒውተር የሚጠግነውን ረገብን ጠራሁት። «ሐጅ፣ ይሄ እኮ ሻይ እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ ነው» ብሎ ተቀመጠ። የቆየውን ሁሉ ደመሰሰ፣ ብራውዘሩን ነቅሎ ሌላ ጫነ፣ የቫይረስ መከላከያውን አጠፋ፣ መስመሩን ነቅሎ ሰካ። ሻዩ ፈልቶ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ «አደጋውን ተቀብዬ ልግባ የሚል አለ፤ እሱን ልጫነው?» አለ። ኢንሻራህ እጁን ያዘችው። የውሸት ገጽ ላይ የልጃቸውን ፎቶ ካስገቡ በኋላ «ልጃችሁ እኛ ዘንድ ነው» እያለ አታላይ የተጫወተባቸውን ሰዎች ታውቃለች። የእኛ ስልክ ለመደወል ብቻ ስለሆነ «እንግዲያው በኔ ስልክ ልክፈትላችሁ» ሲላት፣ «የልጄን ፊት ከኔ በፊት አንተ ልታየው ነው? ሻይህን ጠጣና ሂድ» አለችው። ረገብ ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወው።

ነገሩ ምን መሰለህ። የወንበሩን ጌጥ የምንነድፍበት ፕሮግራም ለአንድ ወር መሞከሪያ የሚሰጥ ነው። ወሩ ሊያልቅ ሲል የኮምፒውተሩን ቀን ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው፤ እዚህ ሰፈር እንዲህ የማያደርግ ቀራጭ የለም። እኔን ያስተማረኝ ሃይሰም ነው። «ባባ፣ እኛ ቤት ጊዜ አያልፍም» እያለ ይቀልድ ነበር። እርሱ ከሄደም በኋላ በየወሩ እመልሰዋለሁ። ለዚህ ነው ረገብም እኔም ቀኑን እያየን ያላየነው። የዎርክሾፕ ኮምፒውተር ቀኑ ልክ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው እዚህ የለም።

ማክሰኞ ኢንሻራህ እህቷ ዘንድ ሄደች። ብቻዬን ተቀምጬ፣ ሌላ የማደርገው ሲጠፋኝ፣ ያንን ቀይ ገጽ እስከ ግርጌው አነበብኩት። በደቃቅ ፊደል የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል። ለካ ምስክር ወረቀቱ የሚጸናበት ጊዜ አለው፤ በእኛ ኮምፒውተር ቀን ደግሞ ገና አልተሰጠም። ቀኑን ወደ ዛሬ አመጣሁት። ገጹ ተከፈተ።

ፊት አላየሁም፤ ዕቃ ነው ያየሁት። ቀበቶ፣ ነጠላ ጫማ፣ የልብስ ቁልፍ። ከእነርሱ በታች የቁልፍ መያዣ አለ፣ ከወይራ እንጨት የተቀረጸ እርግብ። ወንድሜ፣ እርግብ የሚቀርጽ ብዙ ነው። ስለዚህ ሄደህ በዓይንህ እይልኝ። የዕቃውን ቁጥርና ዕቃው ያለበትን የጣሊያን ቢሮ አድራሻ ከዚህ ጋር አድርጌልሃለሁ፤ ካለህበት ከካታኒያ በባቡር ሩቅ አይደለም አሉ። ግራ ክንፉን እይ። ለሃይሰም ስቀርጽለት መሮው አምልጦኝ ከቀኙ አጥሮብኝ ነበር። ሌላ ልሥራልህ ብለው፣ «ተወው ባባ፣ ባንድ ክንፍም ትበርራለች» ያለኝ ነው። ክንፎቹ እኩል ከሆኑ በፈለግከው ሰዓት ደውልልኝ፤ ኢንሻራህ ብታነሳውም ለእርሷው ንገራት። ግራው አጭር ከሆነ አትደውል። እዚያ ከተማ መስጊድ አይጠፋም፤ ስለ ጀናዛ ሶላቱ ኢማሙን አነጋግር። አጎቱ ነህ፣ እንደ አባት ቁምልኝ።

ኢንሻራህ ከመመለሷ በፊት ቀኑን ሃይሰም ይመልሰው ወደነበረበት መለስኩት። ስትገባ «እህ?» አለችኝ። እምቢ እንዳለ ነው አልኳት። ሻሿን ሳታወልቅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና አድራሻውን ወረቀት ሳታይ ራሷ ጻፈችው። ቀዩ ምልክት ወጣ። ትከሻዋ ዝቅ ሲል አየሁ። ነገ ረገብን ልጥራው አልኳት።

«ተወው» አለችኝ። «ሰዓቱንም አትንካው። እንዳለ ይሁን።»

ዓሣውን ልትጠብስ ወደ ማድቤት ገባች። እኔ ስለ ሰዓቱ አንድም ቃል ነግሬያት አላውቅም። ዓርብ ግን ዎርክሾፑ ውስጥ ብቻዋን ነበረች።

ቶሎ ሂድልኝ። አላህ መንገድህን ያቅናልህ፣ ልጆችህን ከዓይንህ አያርቅብህ፣ ከባሕሩም ይጠብቅልህ።

ታላቅ ወንድምህ