ሳይሞቱ የሞት ደወል የተደወለላቸው ወይዘሮ ቪዳ ኮትኒክ

ወይዘሮ ቪዳ ኮትኒክ ከአባታቸው ከአቶ አሎይዝ ሴዴይ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዬራ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 1951 በስሎቬኒያ፣ በሎምኒካ ወንዝ ዳር ባለችው በዛብሮድ ከተማ፣ ታችኛው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የድልድይ ጠጋኝ ነበሩ። ቤታቸው ለወንዙ እጅግ ቅርብ ስለነበር ትንሿ ቪዳ ጠዋት ጠዋት ውኃው ምን እንደሚል ሳያዳምጡ ቁርስ አይቀምሱም ነበር፤ እናታቸውም በዚህ ሲስቁባቸው ኖረዋል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በትውልድ ከተማቸው ተከታትለው ወደ ሉብሊያና በመሄድ የግንባታ ሙያ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1970 ተመርቀው በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። በ1974 ከአናጺው አቶ ስታኔ ኮትኒክ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ማትያዥና ኔዥካ የተባሉ ልጆች አፍርተዋል። አቶ ስታኔ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ወይዘሮ ቪዳ ግን ዝም ማለት አያውቁበትም፤ ያመኑበትን ነገር ሰው ወደደም ጠላም ይናገሩ ነበር፤ በዚህም ብዙ ሰው አስቀይመዋል። ዛሬ ቀባሪ ፊት ቆመን ይህን አንደብቅም።

እ.ኤ.አ. በ1994 ዛብሮድ የራሷ ማዘጋጃ ቤት ሲኖራት ምክር ቤቱ የአደጋ ጊዜ ኃላፊ መሾም ነበረበት። ማንም አልፈለገውም። በመጨረሻ ሁሉም ወደ ወይዘሮ ቪዳ ዞሮ ተመለከተ፤ እሳቸውም እሺ አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ሹመቱን ለስም ይዞት በተቀመጠ ነበር። እሳቸው ግን ታችኛው ሰፈርን ቤት ለቤት ዞረው ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ ማን መኪና እንዳለው፣ ማን ደግሞ ካልተለመነ እንደማይነሳ አጣሩ።

በተሾሙ በዓመቱ የፀደይ ዝናብ ሲበረታ ሰፈሩን በሙሉ አስነሥተው ኮረብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት አወጡ። ወንዙ ግን ከዳርቻው አልወጣም። ሰዉ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምሳው አርሯል፣ ዶሮው ወደ ጎረቤት አምልጧል። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ቪዳ ዳቦ ቤት በገቡ ቁጥር ጃንጥላ እንያዝ ወይ እያለ የማይቀልድባቸው አልነበረም። ከንቲባውም ከእንግዲህ ያለ እኔ ፈቃድ ማንም ሰው ከቤቱ አይነሣ ብለው አዘዙ፤ ትእዛዙን የጣሰም ሹመቱን እንደሚያጣ ተናገሩ። ወይዘሮ ቪዳ የሚስቅባቸውን ሰው ችለውት አለፉ። የሚያስፈራቸው ሌላ ነገር ነበር፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያምናቸው አይኖርም።

የሚቀጥለው ጊዜ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1998 መጣ። ቀኑ የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ነበር። ዝናቡ ከሐሙስ ጀምሮ አላባራም። የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች ከነመኪናቸው የተናደ መንገድ ሊከፍቱ ወደ ላይኛው ሸለቆ ሄደዋል። ረፋዱ ላይ ግን ዝናቡ እየጣለ ወንዙ ጎደለ። የታችኛው ሰፈር ሰው መስኮቱን ከፍቶ አይቶ ተመስገን አለ፤ ምሳውንም ጣደ። ወይዘሮ ቪዳ ድልድዩ ላይ ቆመው ከእግራቸው ሥር የተገለጠውን ድንጋይ ሲያዩ ወንዙን ከላይ አንድ ነገር እንዳገደው ገባቸው። ወደ ቢሮአቸው ሮጠው ሲገቡ ስልኩ እየጮኸ ነበር። የደወለው ከላይ ያለው የእንጨት መሰንጠቂያ ዘበኛ ነው። ተራራው ተንዶ ወንዙን እንደዘጋው፣ ከኋላው ሐይቅ እንደተጠራቀመና አፈሩ ከዳር ከዳር መፍረስ እንደጀመረ ነገራቸው።

እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። በአገራችን በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የአደጋ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ለሙከራ ይጮኻል። የዛብሮድ ሰው በዚያ ድምፅ ሰዓቱን ያስተካክላል እንጂ ከወንበሩ አይነሣም። ወይዘሮ ቪዳ ይህን አሰቡ። የእውነተኛውን አደጋ ሳይረን ቢያስጮኹ ሰዉ ሙከራ ነው ብሎ ሾርባውን ያማስላል፤ ውኃውም ማዕድ ላይ ያገኘዋል። ለከንቲባው ደወሉ። ከንቲባው የሙከራው ሳይረን ይለፍና ተረጋግተን እንነጋገራለን አሏቸው። ወይዘሮ ቪዳ ስልኩን ዘጉ።

በጫማቸው ጭቃ እየረገጡ ኮረብታው ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሮጡ። ደወል ደዋዩን ሌናርትን ቅጥሩን ሲጠርግ አገኙት። በዛብሮድ ሰው ሲሞት ደወል ይደወላል፤ አደዋወሉም ለወንድና ለሴት ይለያያል። ያንን ደወል ሰምቶ ቤቱ የሚቀር የለም። ሰዉ የያዘውን ጥሎ ማን እንደሞተ ሊጠይቅ ይወጣል፤ ሻማ ሊያበራም ኮረብታውን ይወጣል። ወይዘሮ ቪዳ የሴት ደወል እንዲደውል አዘዙት።

ሌናርት መጥረጊያውን ይዞ ደነገጠ። «እትዬ ቪዳ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፤ ገና ነው። ሰዉ እንዲወጣልኝ ነው፣ ደውል።»

«ሰው ሳይሞት? አባ ቢሰሙ ከዚህ ያባርሩኛል። ደግሞስ ለማን ብዬ ነው የምደውለው?»

«ለእኔ ደውልልኝ። ቪዳ ኮትኒክ ሞተች በላቸው። ኃጢአቱ በእኔ ነው።»

ሌናርት አማተበና ገመዱን ያዘ።

ወይዘሮ ቪዳ ቁልቁለቱን ወርደው ሰፈሩ አፍ ላይ ቆሙ። በሮች መከፈት ጀመሩ። ሽርጥ ያልፈታ፣ ነጠላ ጫማ ያደረገ፣ ማንኪያ በእጁ የያዘ ሁሉ የትኛዋ ሴት ናት እያለ ወጣ። እሳቸውም ላይ ስትደርሱ ትሰማላችሁ እያሉ ወደ ኮረብታው ሰደዱት። አልጋ ላይ የዋሉትን ደግሞ በየስማቸው እየጠሩ ጎረቤት እንዲያወጣቸው አደረጉ። በዚህ መሐል ሳይረኑ ጮኸ፤ ቀና ብሎ ያየው እንኳ አልነበረም። ነገሩ ያልጣማት ጎረቤታቸው ፓቭላ ብቻ ነበረች።

«ሌናርት የሞትሽው አንቺ ነሽ ብሏል አሉ» አለቻቸው መንገዱን ዘግታ። «ቆመሽ አይደል እንዴ የማይሽ?»

«ትወቅሺኛለሽ፣ ፓቭላ፤ ግን ላይ ሆነሽ። ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ።»

ፓቭላ እየተራገመች ወጣች። መሐል መንገድ ላይ ሳለች ከሸለቆው የሚመጣ ጉምጉምታ ተሰማ፤ መሬቱም ተንቀጠቀጠ። ውኃው ግንድና ድንጋይ እየገፋ መጥቶ ታችኛው ሰፈርን እስከ መስኮቱ ዋጠው። ኮረብታው ላይ የቆመው ሕዝብ ቤቱ ሲሄድ አየ።

ሁሉም አልወጣም። ጫማ ሰፊው አቶ ቲኔ ጆሮአቸው አይሰማም ነበር፤ ሳይረኑንም ደወሉንም አልሰሙም። ወይዘሮ ቪዳ ሲዘዋወሩ አልጋ ላይ የዋለውን ሁሉ ለይተዋል፤ አቶ ቲኔ ግን በእግራቸው የሚሄዱ ጤነኛ ሰው ስለነበሩ ያሰባቸው የለም። አስከሬናቸው ከወርክሾፓቸው ወጣ። ሰዉ ወይዘሮ ቪዳን እያቀፈ ሲያመሰግን እሳቸው የሚያዩት አቶ ቲኔን ብቻ ነበር። ምክር ቤቱ ሊሸልማቸው ሲጠራቸው ሽልማቱን አልቀበልም ብለው አዲስ ደንብ ጠየቁ። ጆሮው ለከዳው ሰው ሁሉ በር የሚያንኳኳ ጎረቤት ይመደብ፤ አንኳኪውም ሳይረኑ በሚፈተሽበት ቅዳሜ ሁሉ ሄዶ ያንኳኳ አሉ። ከንቲባው ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል ብለው ሲያንገራግሩ የአቶ ቲኔን መዶሻ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠውላቸው ወጡ። ደንቡ ጸደቀ፤ እስከ ዛሬም ይሠራል።

ወይዘሮ ቪዳ እ.ኤ.አ. በ2013 ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው አቶ ስታኔ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው አርፈው ነበር። በኋለኛው ዘመናቸው በልብ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል፤ ጆሮአቸውም ከዳቸው። እሳቸው ባወጡት ደንብ መሠረት አንኳኪ ሲፈለግላቸው እኔ ነኝ ብላ የመጣችው ፓቭላ ነበረች። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ስታንኳኳ ወይዘሮ ቪዳ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በሩን ገርበብ አድርገው ይጠብቋት ነበር። ለሙከራ ይህ ሁሉ ምንድነው እያለች ብትቀልድባቸውም አንድ ቀን አልተዉትም።

እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2025 ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ፓቭላ እንደ ልማዷ አንኳኳች። ገርበብ ያለውን በር ከፍታ ስትገባ ወይዘሮ ቪዳ ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ ቦርሳቸውን አቅፈው ወንበራቸው ላይ አርፈዋል። በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ልጆቻቸው ማትያዥና ኔዥካ፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ታናሽ እህታቸው፣ እንዲሁም በሕይወት ስላለ ስማቸውን የሚያነሣ አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ከኋላቸው ቀርተዋል። ነፍሳቸው ውኃም ስጋትም በማይደርስበት ከፍታ ትረፍ፤ አቶ ቲኔንም እዚያ ያግኙ።

ያን ቀን ፓቭላ ኮረብታውን እያለቀሰች ወጥታ ሌናርትን የሴት ደወል እንዲደውል ነገረችው። እሱም የሸበተ ራሱን ቀና አድርጎ ማን ሞተ አላት።

«ቪዳ ናት» አለችው። «የዛሬው የእውነት ነው።»

ሌናርት ገመዱን ያዘ። የታችኛው ሰፈር ሰውም በደጁ ቆሞ መጀመሪያ ወደ ወንዙ አየ። ወንዙ ደህና ነበር። ያኔ ሁሉም ኮረብታውን መውጣት ጀመረ።