ዱዓ ላይ የሚደርቅ ምስል

ከመካነ ሰላም፤
ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። እንዴት ከረምሽ? ሙቀቱስ፣ ሥራውስ፣ ማዳምሽስ እንዴት አድርገውሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እማዬ ከጉልበቷ ቁርጥማት በቀር ደህና ናት፤ ላሟም ወልዳለች። አሁን የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርኩሽ፣ እማዬ ስፒከር ላይ ካላደረገች ስለማታወራና ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ ስለሚሰማ ነው። ለእረፍት የመጣችው ሩፋይዳ ወደ እናንተ ከተማ ስትመለስ በእጇ ታድርስልሽ ብዬ ወረቀት ያዝኩ።

ነገሩ የቪዲዮው ነው። እየሳቅሽ ትጀምሪያለሽ፤ እማዬ ዱዓ ልታደርግልሽ እጇን ስትዘረጋ ምስልሽ ድርቅ ይላል። አሚን የሚለው ድምፅሽ ግን ጥርት ብሎ ይመጣል። ሁለት መዳፍ ካልተዘረጋ ዱዓው ሜዳ ላይ ይፈሳል እያለች እማዬ ኔትወርኩን ትረግማለች። ባለፈው ጁምዓ በዚያ ጉልበቷ ስልኩን ይዛ መስጊዱ ያለበት ጉብታ ላይ ወጣች። እዚያም ደረቅሽ።

እኔን ታውቂኛለሽ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ባይ ነኝ። መጀመሪያ ስልኩን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ሲሙን። በመጨረሻ ሰርግ የሚቀርጸውን የአጎታችንን ልጅ ዒምራንን ጠየቅኩት። ቪዲዮ የምንለው ለካ ፎቶ ነው፤ በአንድ ሴኮንድ ሰላሳ ያህል ፎቶ ተከታትሎ ሲያልፍ ለዓይናችን የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ፍሬም ይሏቸዋል። ኔትወርክ ሲደክም ፍሬሞቹ ያንሱና ምስሉ ይቆራረጣል፤ ጨርሰው ሲቀሩ ይደርቃል። ሲደርቅ ግን ሁሉም ባንድ ላይ ነው፣ ሰው መርጦ አያደርቅም አለኝ።

በሚቀጥለው ስትደውዪ ፊትሽን ትቼ ከኋላሽ ያለውን መጋረጃ አየሁ። እማዬ እጇን ዘረጋች፤ አንቺ ደረቅሽ። መጋረጃው ግን በማራገቢያው ነፋስ ይወዛወዝ ነበር። ዓይንሽም አንዴ ተርገበገበ።

ከዚያ ወዲህ የማልጠረጥረው ነገር የለም። ያን ሁሉ ሐተታ ትጽፊልኝ የነበርሽው ልጅ አሁን ለምን የድምፅ መልእክት ብቻ ትልኪያለሽ? ሂና የተቀባ እጅሽን ፎቶ አንስተሽ ያልላክሽበት ዒድ ነበር? ዘንድሮስ የታለ? ሻርፕሽስ በቀኝ በኩል ብቻ እስከ ታች የሚወርደው ለምንድን ነው? ኔትወርክ ነው እንዳትዪኝ፣ እንጣላለን። ደግሞ እፈራለሁ እህቴ፣ በጣም እፈራለሁ።

ሩፋይዳን፣ እህቴ ደብዳቤውን እንደ ወጋችን በሁለት እጇ ተቀብላ እንደሆነ አይተሽ ንገሪኝ ልላት ነበር፤ ተውኩት። ከአንቺው አፍ ልስማው። ለእማዬ ምንም አልተነፈስኩም፤ ኔትወርኩን ትርገም። ሥራው ካልተቻለሽ ነይ ብቻ፤ ማጠቡንም ማቡካቱንም እኔ እችለዋለሁ።

አላህ ከክፉ ይሰውርሽ፣ በሰላም ያገናኘን። አሚን በዪ፣ ግን ከእንግዲህ አትድረቂ። በአንድ መዳፍ የተቀበሉት ዱዓም አይፈስም።

ታላቅ እህትሽ